ስለ ጋዜጣ ሕግና ስለ ጸሐፊ ዋስትና

ከ1985 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት 32 ዓመታት ውስጥ፣ በአገራችን ስለ ጋዜጣ የሚናገረው ሕግ በ1985፣ በ2000፣ በ2013 እና በ2017 ዓ.ም. አራት ጊዜ ተጽፎአል ወይም ተሻሽሎአል። አንድ ቤት በአንድ ሰው ዕድሜ አራት ጊዜ እየፈረሰ የሚሠራ የሆነ እንደሆነ፣ መሠረቱን መመርመር እንደሚገባ ለማወቅ አናጢ መሆን አያሻም። ስለዚህ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው፣ የጋዜጣ ነፃነት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር አይደለም፤ እርሱ በሕገ መንግሥቱ በ29ኛው አንቀጽ ተቈርጦ ያለቀ ነገር ነው። ያ የተጻፈው ነፃነት፣ የአንድ ጸሐፊ ደጃፍ በሌሊት በተንኳኳ ጊዜ ምን ያህል ይጸናል? የሚያጸናውስ ማን ነው? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ መጣ ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የደብዳቤን ምሥጢር ሲጠብቅ፣ ስለ ጋዜጣ ነፃነት ግን የተናገረው ቃል አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ የንግግርና የጋዜጣ ነፃነት በመላው የንጉሠ ነገሥት ግዛት በሕግ መሠረት የተረጋገጠ መሆኑን ደነገገ። ያ «በሕግ መሠረት» የተባለው ሐረግ ትንሽ ቢመስልም ነገሩን ሁሉ ጠቅልሎ የሚሸከም ሆነ፤ ጋዜጣው ከመታተሙ አስቀድሞ በመርማሪ ፊት ማለፉ አልቀረምና። መንግሥት ተለውጦ ደርግ ሲመጣም መርማሪው ወንበሩን አልለቀቀም።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሆኑ አንባቢዎቻችን የንጉሡን የኢዮአቄምን ነገር ያስታውሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ እየነገረው ባሮክ የጻፈው ክርታስ፣ በክረምት ቤት በተቀመጠው ንጉሥ ፊት በተነበበ ጊዜ፣ ንጉሡ ጥቂት ዐምድ ባለፈ ቍጥር በካራ እየቀደደ በፊቱ ይነድድ ወደ ነበረው ምድጃ ይጥለው ነበር። ከአለቆቹ መካከል ሦስቱ ክርታሱን እንዳያቃጥል ለመኑት፤ አልሰማቸውም። ባሮክ በሌላ ክርታስ መጽሐፉን እንደ ገና ጻፈው፤ የተጨመረበትም ብዙ ሆነ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ነቢዩና ስለ ጸሐፊው ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ግን ይበልጥ የሚነካን የእነዚያ የሦስቱ አለቆች ነገር ነው። እነርሱ ከልመና በቀር በእጃቸው ምንም አልነበረም። የዛሬ ሹም ግን ሕግ ያረቃል፣ ደንብ ያወጣል፣ መመሪያ ይጽፋል፤ ስለዚህም «ለምኜ ነበር» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት ዐዋጅ ቍጥር 34 የቅድሚያ ምርመራን ፈጽሞ ከለከለ። ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአዲስ አበባ መንገዶች የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በዝተው ይሸጡ ጀመር። ሁሉም መልካም ነገር የጻፉ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ወሬን ከእውነት ሳይለዩ ያትሙ እንደ ነበረ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ያውቃል። ዳሩ ግን ከመታተም በፊት የነበረው መቀስ በተወሰደ ጊዜ፣ ከመታተም በኋላ የክስ መዝገብ ተተካ። ብዙ አዘጋጆች ስለ ጻፉት ነገር በወንጀል ተከሰው ታሰሩ። መርማሪው አንዱን ዐረፍተ ነገር ይሰርዝ ነበር፤ የወንጀል ክስ ግን ጸሐፊውን ከነጋዜጣው ያነሣል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 590 ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ ወገን፣ በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጽሞአል የተባለ ሰው፣ ለምርመራ በሚል የጊዜ ቀጠሮ ሳይጠየቅበት በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ፤ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለውም ደነገገ። በሌላ ወገን ደግሞ፣ በሕግ አውጪ፣ በሥራ አስፈጻሚና በዳኝነት አካል ላይ የተጻፈ የስም ማጥፋት ነገር፣ ተበደልሁ የሚለው ሰው ባይከስ እንኳ በዐቃቤ ሕግ እንዲያስከስስ ፈቀደ። ሹሙ ራሱ ይቅር ያለውን ዐቃቤ ሕጉ ይቅር አይልም ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቍጥር 652 በ6ኛው አንቀጹ፣ ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊወሰድ የሚችል ጽሑፍ ያሳተመን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆነ። «ሊወሰድ የሚችል» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል፤ የጽሑፉን ፍቺ የሚወስነው ጸሐፊው ወይም አንባቢው ሳይሆን ከሳሹ ሆነ። ቅኔ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰሙን ትቶ ወርቁን ለመፍታት የፈለገ ሁሉ የወደደውን ወርቅ ማውጣት ይችላል።

የዚህንም ፍሬ በ2006 ዓ.ም. አየን። በድረ ገጽ ይጽፉ የነበሩ፣ ዞን 9 የተባሉ ወጣቶችና ከእነርሱ ጋር ሌሎች ጋዜጠኞች ተይዘው በፀረ ሽብርተኝነት ሕግ ተከሰሱ። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የከፊሎቹ ክስ ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብርተኝነት ክስ ነፃ አደረጋቸው። ፍርዱ ይህ ነበር፤ እስራቱ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖ አስቀድሞ ተፈጽሞአል። የጋዜጣ ሕግን የሚያረቅ ሰው ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባ እንዲህ ያለውን ጕዳይ ነው፤ ነፃ ነህ የሚለው ፍርድ ሲደርስ ቅጣቱ አልቆ ከተገኘ፣ ፍርዱ ለማን ተሰጠ?

በ2010 ዓ.ም. የመጣው ለውጥ የታሰሩትን ፈታ፤ በ2011 ዓ.ም. የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በአዲስ አበባ ተከበረ፤ ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ማኅበር በሚያወጣው መዘርዝርም አገራችን ከ150ኛ ወደ 110ኛ ደረጃ ከፍ አለች። ሕጎቹን እንዲያሻሽል በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የሕግና የፍትሕ ጕዳዮች አማካሪ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበርና፣ ከድካሙ ፍሬ አንዱ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቍጥር 1238 ነው።

ይህ ዐዋጅ የሠራው ትልቁ ነገር፣ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸመውን የስም ማጥፋት ነገር ከወንጀል አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጕዳይ ማድረጉ ነው። በዚህ ነገር ቅር የሚላቸው ሹማምንት አሉ፤ አሳባቸውም ንቀት አይገባውም። የሰው ስም ከገንዘቡ ይበልጣል፤ ታዲያ በግ የሰረቀ ሲታሰር ስም የሰረቀ በኪሱ ብቻ ለምን ይቀጣል? ይላሉ። መልሱ እንዲህ ነው። ሕጉ የተበደለውን ሰው ያለ ጠባቂ አልተወውም፤ መልስ የመስጠትና እርማት የማሳተም መብት አለው፤ ከሶም ካሳ ሊያስፈርድ ይችላል። የተለወጠው የክሱ ሜዳ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባል በነበረ ዘመን ክስ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርድ ነበር። በወንጀል ክስ ጊዜም ሹሙ ተበዳይ፣ ያዡ የመንግሥት ፖሊስ፣ ከሳሹ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ፣ ወኅኒ ቤቱም የመንግሥት ነውና፣ ጸሐፊው ገና ሳይፈረድበት ከአራት ባለጋራ ጋር ይቆማል። በፍትሐ ብሔር ክስ ግን ሹሙም እንደ ማንኛውም ሰው አቤቱታ ጽፎ፣ ዳኝነት ከፍሎ፣ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ ይሟገታል። እውነት ያለው ሹም ይህን ሜዳ አይፈራም። ደግሞም ስሙ በሐሰት የጠፋ ሰው ስሙ የሚመለስለት በተከሳሹ መታሰር አይደለም፤ ስለ ጻፈው ነገር የታሰረ ጸሐፊ የጻፈው ሁሉ እውነት ይመስላልና፣ ሹሙን የባሰ ጕዳት ያገኘዋል።

ከዚህም የሚበልጠው፣ ከ2000 ዓ.ም. ሕግ ተወስዶ በዐዋጅ ቍጥር 1238 የጸናው ስለ ጊዜ ቀጠሮ የሚናገረው አንቀጽ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ በቍጥር 59፣ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ድረስ ተጠርጣሪው በየጊዜው ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ እየተሰጠበት በማረፊያ ቤት እንዲቈይ ይፈቅዳል። ሌባን ወይም ነፍሰ ገዳይን ለመመርመር ጊዜ ማስፈለጉ ግልጥ ነው፤ ማስረጃው ተደብቆአልና። የጸሐፊ ማስረጃ ግን ታትሞ በአደባባይ የወጣው ጽሑፍ ራሱ ነው። አንድን ጋዜጣ አንብቦ ወንጀል አለበት ወይም የለበትም ለማለት 14 ቀን፣ ከዚያም ሌላ 14 ቀን፣ ከዚያም ሌላ ማስፈለጉ ለምንድር ነው? የጸሐፊው እግር ታስሮ የጽሑፉ ፊደል አይለወጥም።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ጥንቁቅ ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። በቍራኛ ዘመን ተከሳሽ ብቻውን አይታሰርም ነበር፤ ከሳሹም ከእርሱ ጋር በነጠላው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቈራኝቶ፣ ዳኛ እስኪያገኙ ድረስ አብሮ ይሄድ፣ አብሮ ይውል፣ አብሮ ያድር ነበር። ሥርዐቱ ሸካራ ነው፤ ተመልሶ ይምጣም አንልም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥበብ ነበረበት፤ ክሱ በዘገየ ቍጥር ከሳሹም ይጎሳቈላልና፣ ፍርድ ቶሎ እንዲደርስ ሁለቱም ይፈልጉ ነበር። ዛሬ ከሳሹ በቤቱ እያደረ ተከሳሹ ብቻ በማረፊያ ቤት ሲያድር፣ ለመዘግየቱ የሚከፍለው አንዱ ወገን ብቻ ሆነ። በ1238 ያለው ክልከላ ይህን ሊያቃና የተጻፈ ነው።

ታዲያ ክልከላው በቃሉ መልካም ሳለ በሥራ ላይ የሚሰናከለው በሦስት በር ነው። አንደኛ፣ ፖሊስ «ይህ ሰው የተያዘው ስለ ጽሑፉ አይደለም፤ ሁከት በመቀስቀስ ተጠርጥሮ ነው» ያለ እንደሆነ፣ ሁከቱ የተቀሰቀሰው በዚያው ጽሑፍ ነው እየተባለ እንኳ፣ አንቀጹ ከደጅ ይቀራል። ደግሞም በድረ ገጽና በዩቲዩብ የሚሠሩት ያልተመዘገቡ ስለ ሆኑ በዐዋጁ አይጠበቁም የሚል ክርክር ተነሥቶአል። ሦስተኛው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. እና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጁት ዐዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝን ስለ ፈቀዱ፣ በእነዚያ ወራት ከተያዙት መካከል ጋዜጠኞችም ነበሩ። አገር በጦርነት ጊዜ ልዩ ሥልጣን እንደሚያሻት አንክድም። ይሁን እንጂ ጸሐፊን ወደ ዳኛ ማቅረብ ጦርነትን የሚያሸንፍ ወይም የሚያሸንፍበት ነገር አይመስለንም።

የተሰጠ ነፃነት ተመልሶ ሊጠብብ እንደሚችል ደግሞ የሌላ አገር ታሪክ ያስረዳል። በዓለም ላይ የኅትመትን ነፃነት በሕግ የጻፈች የመጀመሪያዪቱ አገር ስዊድን ናት፤ ይህም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1766 ነው። ለዚያ ሕግ ከሁሉ ይልቅ የደከመው አንደርስ ኪዴኒዩስ የተባለ፣ ከዛሬዪቱ ፊንላንድ ምድር የመጣ የሉተራን ቄስ ነበር። ቄሱ ስለ መንግሥት ገንዘብ አሠራር የሚነቅፍ ጽሑፍ በማሳተሙ ከሸንጎው አባልነት ተባረረ፤ ሕጉ የታወጀው እርሱ ከተባረረ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ሕጉ መርማሪውን ከሥራ አስወጣ፤ የመንግሥትንም ወረቀት ለሕዝብ ክፍት አደረገ። የሃይማኖት መጻሕፍት ግን እንደ ድሮው በቤተ ክህነት መመርመራቸው አልቀረም፤ ቄስ የደከመለት ሕግ ቄሶችን ሳይነካ ማለፉ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1772፣ ንጉሡ ጉስታቭ ሦስተኛ ሥልጣኑን በእጁ ጠቀለለ፤ በ1774ም ሕጉን አሻሽላለሁ ብሎ አጠበበው። የተለወጠው ውሳኔው በማን እጅ ነው የሚለው ነበር።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዐዋጅ ቍጥር 1238ን ሲያሻሽል ያሳሰበን ይኸው ነገር ነው። ለማሻሻያው የተሰጠው ምክንያት በአፈጻጸም ጊዜ የታየውን ጕድለት መሙላት ነበር። ከተለወጡት ነገሮች አንዱ፣ ቀድሞ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ተሰጥቶ የነበረው ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት መዛወሩ ነው። በዚህ ወንበር ዛሬ የተቀመጠውን ሰው አናማም፤ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ወንበር እንናገራለን። ፈቃድ የሚሰጥ፣ ሥራውን የሚቈጣጠር፣ ጥፋት ያገኘና ፈቃድ የሚሰርዝ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከሳሽና ዳኛ በአንድ ካባ ተሸፈኑ ማለት ነው። ቦርዱ ከአንድ እጅ በላይ የሆኑ እጆች የሚፈርሙበት ስለ ሆነ ይዘገይ ይሆናል፤ ነገር ግን ጋዜጣን ለመዝጋት መዘግየት ጕድለት ነው ወይ? በዋዜማው ተቈጥቶ የወሰነውን በማግሥቱ ያልተጸጸተ ሹም ጥቂት ነው።

የጋዜጣ ነፃነት ሲነሣ ብዙ ሹማምንት የሩዋንዳን ነገር ይጠቅሳሉ፤ መጥቀሳቸውም ይገባል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ ሰው በሰው ላይ እንዲነሣ ይጮኽ ነበር፤ የሆነውንም ዓለም ያውቀዋል። በእኛም አገር በጦርነቱ ዓመታት ወንድምን በወንድም ላይ የሚያስነሣ ቃል ከየአቅጣጫው ሲነገር ሰምተናል። ነገር ግን የሩዋንዳው ታሪክ እስከ መጨረሻው ይነበብ። ያ ራዲዮ በመንግሥቱ ዙሪያ በነበሩ ኃያላን የተቋቋመ ነበርና፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሊዘጋው አልደፈረም። ኋላም በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 የራዲዮውን ሁለት መሪዎችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ የፈረደባቸው፣ ክሱን ዘርዝሮ፣ ምስክር ሰምቶ፣ መከላከያቸውን አድምጦ ነው። እልቂትን መቀስቀስ ወንጀል ነው፤ ወንጀልነቱም በፍርድ ቤት ይነገራል።

በዚህ ረገድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1185 ሁለቱን ነገሮች በአንድ መያዙ ጥሩ አልሆነም። ጥላቻን መቀስቀስና የተሳሳተ ወሬ ማውራት አንድ አይደሉም። በዐዋጁ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ በማኅበራዊ መገናኛ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። እንግዲህ በ2013 ዓ.ም. ስም ማጥፋት በአንድ በር ከወኅኒ ሲወጣ፣ ሐሰተኛ መረጃ የተባለው በሌላ በር ገብቶ ቈይቶታል ማለት ነው። አንዱ ዐዋጅ የፈታውን ሌላው ሲያስር፣ ዳኛውም ፖሊሱም ጸሐፊውም ይቸገራሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሕጉ ሲታረቅ፣ ስለ ጊዜ ቀጠሮ ያለው ክልከላ «በማንኛውም ሌላ ሕግ የተጠቀሰ ቢኖርም» በሚል ቃል ተጠናክሮ፣ ክሱ በየትኛውም ስም ቢጠራ ማስረጃው የታተመ ወይም የተነገረ ቃል እስከ ሆነ ድረስ፣ በድረ ገጽ ለሚሠሩትም ጭምር እንዲጸና ቢደረግ፣ ፈቃድን የመሰረዝም ሥልጣን ወደ ቦርዱ ወይም ይልቁን ወደ ፍርድ ቤት ቢመለስ፣ በ1185 ውስጥ ስለ ሐሰተኛ መረጃ የተጻፈው እስራትም በእርማትና በካሳ ቢተካ፣ ከአራቱ የቀደሙት ሕጎች ሁሉ ይልቅ የሚቈይ ሕግ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ስለ ራሳችን ደግሞ አንድ ነገር ሳንናገር ብንቀር አግባብ አይሆንም። ይህ ጋዜጣ የመንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ በ29ኛው አንቀጽ በ5ኛው ንኡስ አንቀጽ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። ይህ ቃል ለግል ጋዜጦች ሳይሆን ለእኛ የተጻፈ ነውና፣ የሕጉ መሻሻል የሌሎች ጕዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ከዚህም ሁሉ መካከል ምክር ቤት ሳይሰበሰብ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። ከዐዋጅ ቍጥር 590 ውስጥ መረጃ ስለ ማግኘት የሚናገረው ክፍል በ2013ቱ ሕግ አልተሻረም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለተጠየቀው መረጃ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የተከለከለም ሰው ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። የመንግሥት ቃል ቀድሞ በነጋሪት ሲጎሰም፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮም በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተም የኖረው ሕዝብ እንዲሰማው ነውና፣ የመሥሪያ ቤትን ወረቀት ለጠያቂ መግለጥ ለአገራችን ልማድ እንግዳ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የሕዝብ ግንኙነት ሹማምንት፣ ከግል ጋዜጣ የመጣውን የጥያቄ ደብዳቤ ከመንግሥት ጋዜጣ ከመጣው ጋር በአንድ መዝገብ ገቢ አድርገው፣ በተራው፣ 30ው ቀን ሳያልፍ ቢመልሱ፣ ለዚህ ሌላ ዐዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።